መጋዘን፣ ማጋዚኖ፣ ማጋዛን፣ አልማሴን፦ አንድ ቃል ለምን የተለያየ ትርጉም ያዘ?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል።

«ጣሊያን አገር አንድ ዕቃ ማከፋፈያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እዚያ ‘ማጋዚኖ’ ማለት ልክ እንደኛው መጋዘን ነው። አሁን ፈረንሳይ፣ ሊዮን ገብቻለሁ። እዚህ ግን ‘ማጋዛን’ የሚሉት ሱቁን ነው። ማድሪድ ያለችው እህቴ ‘አልማሴን’ መጋዘን ነው ትለኛለች። አብራት የምትሠራው አርጀንቲናዊት ደግሞ አገሯ እያለች ዱቄትና ስኳር የምትገዛው ‘አልማሴን’ ሄዳ ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ናቸው? ከሆኑ ትርጉማቸው ለምን ተለያየ? ትክክለኛውን የያዘው ማነው? እኛስ መጋዘንን ከማን ወሰድነው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። መነሻቸው ዓረብኛ ነው። የተሳሳተ ማንም የለም። ትርጉሙ የተለያየው ቃሉ በየአገሩ የገባበት መንገድ ስለተለያየ ነው። ከዚያም በላይ ግን ሲገባ ያገኛቸው ጎረቤት ቃላት ስለተለያዩ ነው። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አያስተውለውም። እኔ ግን ዋናው እሱ ነው ባይ ነኝ። ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሥሩ እንነሳ። በዓረብኛ «ኸዘነ» ማለት አከማቸ ማለት ነው። የሚከማችበት ቦታ «መኽዘን» ይባላል። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ«ቀደሰ» «መቅደስ» እንደሚወጣው ሁሉ፣ እነሱም ፊት ላይ «መ» ጨምረው የቦታ ስም ያወጣሉ። ሲበዛ «መኻዚን» ይሆናል። ነጠላውንና ብዙውን ሁለቱንም ይያዙልኝ፤ ቶሎ ያስፈልጉናል።

ቃሉ ወደ ሮማንስ ቋንቋዎች የገባው በሁለት በር ነው። ሮማንስ የምንላቸው ከላቲን የተወለዱትን ነው፤ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቹጋልኛ፣ ካታላንኛ፣ ሮማኒያኛና ሌሎችም።

አንደኛው በር የአብሮ መኖር በር ነው። በ711 ከሰሜን አፍሪካ የተሻገረው ጦር የዛሬዎቹን ስፔንና ፖርቹጋል አብዛኛውን ክፍል ያዘ። የመጨረሻው የሙስሊም መንግሥት፣ ግራናዳ፣ እጁን የሰጠው በ1492 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ዓረብኛ የሚናገረውና ከላቲን የወረደውን ቋንቋ የሚናገረው በአንድ ከተማ ኖሩ። ተገበያዩ፣ ተጋቡ። ቃላቱ የተሻገሩት በወሬና በገበያ መሀል፣ ከአፍ ወደ አፍ ነው። ስለዚህ ሰው ሲናገራቸው እንደሚሰሙት፣ ከነ«አል» ገቡ። «አል» በዓረብኛ ስም ፊት እየገባ «ያ የምናውቀው» የሚል ስሜት የሚሰጥ ቅጥያ ነው። «አል-መኽዘን» በስፓኒሽ «አልማሴን» ሆነ። በዚያ አገር ይነገር በነበረው ዓረብኛ የመጨረሻው «ዘ» ወደ «ዜ» ጠጋ ብሎ ይነገር ነበር፤ «ሴ» የመጣው ከዚያ ነው። ፖርቹጋሎች ደግሞ «ል»ን ወደ «ር» አዙረው «አርማዜም» አሉት።

ሁለተኛው በር የወደብ በር ነው። የጄኖቫ፣ የፒዛ፣ የቬኒስና የማርሴይ ነጋዴዎች ወደ ቱኒስና ወደ እስክንድርያ ይመላለሱ ነበር። እዚያ ዕቃቸውን የሚያሳርፉበት ቤት ይከራያሉ። ቃሉን ያነሡት ከዚያ ነው። ማርሴይ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የላቲን ሰነዶች ላይ ይገኛል። በዚህ በር የገባው ቅርጽ «አል» የለውም። ድምፁም ከነጠላው ይልቅ ከብዙው፣ ከ«መኻዚን»፣ ጋር ይሄዳል። ጉሮሮ ውስጥ የሚነገረውን «ኸ» አፋቸው ስላልቻለው በ«ግ» ተኩት። ማጋዚኖ፣ ማጋዛን።

ይህ የ«አል» ምልክት በሌሎች ቃላትም ላይ ይሠራል። ስኳር በስፓኒሽ «አሱካር» ነው፤ በጣሊያንኛ «ዙኬሮ»፣ በፈረንሳይኛ «ሱክር»። ጥጥ በስፓኒሽ «አልጎዶን» ነው፤ በጣሊያንኛ «ኮቶኔ»፣ በፈረንሳይኛ «ኮቶን»። ሁሉም ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ፊታቸውን ብቻ አይቶ በየትኛው በር እንደገቡ መገመት ይቻላል። ካታላንኛ የሚነገረው ባርሴሎና አካባቢ፣ ስፔን ውስጥ ነው። ግን ወደቡና ንግዱ ከማርሴይና ከጄኖቫ ጋር ስለሚያገናኘው እሱ «ማጋድዜም» ይላል፤ ያለ «አል»። ትርጉሙ መጋዘን ነው።

እዚህ ድረስ የድምፁ ጉዳይ ነው። ትርጉሙስ?

ከራሳችን አንድ ምሳሌ ልውሰድ፤ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዓረብኛ «ሱቅ» ማለት ገበያ ነው። መርካቶን የሚያህል ገበያ ሱቅ ይባላል። እኛ ቃሉን ወሰድንና አንዲት ክፍል፣ መደርደሪያና ባለሱቅ ያላትን ቤት ሱቅ አልናት። ለምን አሳነስነው? «ገበያ» የሚል ቃል ስለነበረን ነው። የገበያን ቦታ የያዘው ቃል አልለቀቀም። መጤው ቃል ሌላ ባዶ ቦታ መፈለግ ነበረበት፤ አገኘም።

ስፔኖች ያንኑ «ሱቅ» ወስደው «ሶኮ» አሉት። ቶሌዶ ከተማ መሀል ያለው የሶኮዶቬር አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዓረብኛው «የከብት ገበያ» ነው። ግን ለገበያ «መርካዶ» የሚል የላቲን ቃል ነበራቸው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ስፔናዊ «ሶኮ» ሲል የሚታየው የሞሮኮና የመሰል አገሮች ገበያ ብቻ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ዘግይተው ከሰሜን አፍሪካ «ሱክ» ብለው ወሰዱት። እነሱ ዘንድ በተለመደው ንግግር ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለትም ሆኗል። ልጅ ክፍሉን ሲያተረማምስ እናቱ «ምን ዓይነት ሱክ ነው!» ትለዋለች። አንድ ቃል ነው፤ አማርኛ ውስጥ ሱቅ፣ ስፓኒሽ ውስጥ የሩቅ አገር ገበያ፣ ፈረንሳይኛ ውስጥ ትርምስ።

አሁን ወደ መጋዘን እንመለስ። በእያንዳንዱ አገር የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ቃል ሲደርስ የሱቅን ቦታ ማን ይዞት ነበር?

ጣሊያን ላይ መልሱ ቀላል ነው። ሁለት ጠንካራ ቃላት ነበሩ። «ቦቴጋ» የእጅ ባለሙያው እየሠራ የሚሸጥበት ቤት ነው። «ኔጎትሲዮ» ደግሞ በላቲን ሥራ ወይም ጉዳይ ማለት ከነበረው ቃል ወጥቶ ወደ ንግድ፣ ከንግድም ወደ መነገጃው ቤት የተሸጋገረ ነው። ስለዚህ ማጋዚኖ የማከማቻ ቦታ ሆኖ ቀረ። እርስዎም ያገኙት እንዲሁ ነው። አንድ ልዩ ነገር ቬኒስ ውስጥ አለ። እዚያ «ማጋዜን» ይባል የነበረው ወይን መሸጫ ቤት ነው። ድሃው ዕቃውን አስይዞ ገንዘብ የሚበደረውም እዚያው ነበር። ቬኒስ ሄደው «ካሌ ዴል ማጋዜን» የሚል የመንገድ ስም ካዩ የሚያስታውሰው እነዚያን ቤቶች ነው። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ከተማው የራሱን ትርጉም ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

ፈረንሳይ ላይ ግን ነገሩ ይጠነክራል። እርስዎን ግራ ያጋባው እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ።

ማጋዛን ፈረንሳይኛ ውስጥ ሲታይ፣ በ1400 ገደማ፣ ትርጉሙ መጋዘን ብቻ ነበር። የሱቅን ቦታ የያዘው «ቡቲክ» ነው። የቡቲክ ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። የግሪክኛው «አፖቴኬ» ማለት ማስቀመጫ፣ ማከማቻ ማለት ነበር። ሮማውያን «አፖቴካ» ብለው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ በየልጆቹ ቤት ተበተነ። ጣሊያን ውስጥ ያልነው ቦቴጋ ሆነ። ፈረንሳይ ውስጥ ቡቲክ ሆነ። ስፔን ውስጥ «ቦዴጋ» ሆኖ የወይን ማከማቻ ማለት ነው። ፖርቹጋል ውስጥም «አዴጋ» ሆኖ ያው የወይን ቤት ነው። ስፓኒሽ ደግሞ በሌላ ጊዜ መልሶ ወስዶት «ቦቲካ» አለው፤ መድኃኒት ቤት ማለት ነው። የእኛ ቡቲክ የፈረንሳይኛው ነው፤ እኛ ግን ልብስ ለሚሸጥበት ቤት ብቻ አደረግነው። ከመጋዘን ወደ ሱቅ መሄድ የዓረብኛው ቃል ብቻ ያደረገው ጉዞ እንዳልሆነ ያዩታል። የግሪኩ ቃል ከእሱ በፊት ያንኑ መንገድ ሄዶበታል።

በድሮው ፓሪስ ቡቲክ ማለት በመንገድ ዳር ያለች ትንሽ ክፍል ናት። ባለቤቱ እዚያው ይሠራል፣ እዚያው ይሸጣል። ማጋዛን ግን ብዙ ዕቃ ያለው ነጋዴ ቤት ነው። ጅምላ ነጋዴው ማጋዛን አለው፤ ጫማ ሰፊው ቡቲክ አለው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቸርቻሪዎችም ቤታቸውን ማጋዛን ማለት ወደዱ። ቡቲክ የሚለው ስም አሳነሳቸው። ማጋዛን ሲሉት ግን «እዚህ የሌለ ነገር የለም» የማለት ያህል ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የቃል ሳይሆን የንግድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ትልልቅ መደብሮች ተነሡ። አሪስቲድ ቡሲኮ ቦን ማርሼን ማስፋት የጀመረው በ1852 ነው። ፕራንታን በ1865 ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ዋጋው ተለጥፏል፤ ክርክር የለም። ሳይገዙ ገብቶ መዞር ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃው ጓዳ ውስጥ አልተደበቀም። ክምችቱ በሙሉ ከገዢው ፊት ተዘርግቷል። እንግዲህ ይህን ቤት ምን ይበሉት? ማከማቻ ነው፤ መሸጫም ነው። «ግራን ማጋዛን» ተባለ፤ ትልቅ ማጋዛን። ቃሉ ከቦታው አልተነሣም ማለት ይቻላል። መጋዘኑ ራሱ ነው በሩን ለገዢ የከፈተው።

ከዚያ በኋላ ማጋዛን የማንኛውም ሱቅ ስም ሆነ። መጋዘን የሚለውን ትርጉም በአብዛኛው «አንትረፖ» የሚል ሌላ ቃል ወሰደው። አሮጌው ትርጉም ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በልጆቹ ላይ ተርፏል። «አንማጋዚኔ» ማለት ማከማቸት ነው እንጂ መገበያየት አይደለም። «ማጋዚኒዬ» ማለት ባለሱቅ አይደለም፤ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ከማከማቻው የሚያወጣው ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል። ጠያቂዬ፣ ይህ ለእርስዎ ቁም ነገር አለው። ጣሊያን ውስጥ «ማጋዚኒዬሬ» ሆነው ሠርተው ከሆነ፣ ሊዮን ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነቡ የሚፈልጉት ቃል «ማጋዚኒዬ» ነው። በሱቅ ውስጥ ሽያጭ ላይ የሚሠራው ሌላ ነው፤ እሱ «ቫንደር» ይባላል።

ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ያሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ከማጋዛን ግሥ አወጡ። «ማጋዚኔ» ሲሉ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ መገበያየት ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ከበባቸው፤ እንግሊዝኛው ሱቅ ከሚለው ስም ግሥ ስላለው እነሱም በራሳቸው ቃል አደረጉት። «ማጋዚናጅ» ፈረንሳይ ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ አገልግሎት ነው፤ ሞንትሪያል ውስጥ ሸመታ ነው። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ፊደል፣ መሀላቸው ውቅያኖስ።

የፓሪስ መደብሮች ዝና ጎረቤትንም ነካ። ጣሊያኖች የትልቁን መደብር ሐሳብ ሲወስዱ ስያሜውንም ወሰዱ፤ «ግራንዲ ማጋዚኒ» አሉት። የቦኮኒ ወንድማማቾች በ1870ዎቹ ሚላኖ ውስጥ የከፈቱት ትልቅ መደብር ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ ነበር። ያ ቤት ነው በ1917 ላ ሪናሼንቴ የተባለው። ስፔኖችም በዚያው መንገድ «ግራንዴስ አልማሴኔስ» አሉ። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት አገሮች ነጠላው ቃል መጋዘን ነው፤ «ትልቅ» የሚል ሲጨመርበትና ሲበዛ ግን መደብር ይሆናል። እህትዎ ማድሪድ ላይ ይህን ማየቷ አይቀርም።

አሁን ወደ አርጀንቲናዊቷ እንሂድ። ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ስፔን ውስጥ የሱቅ ስም «ቲየንዳ» ነው። መነሻው ድንኳን ማለት ነው። አርጀንቲና ውስጥ ግን ቲየንዳ ከድሮ ጀምሮ ወደ ጨርቃ ጨርቅና ወደ ልብስ አዘነበለ። የምግብ ሱቅ ቦታ ክፍት ሆነ። ገጠሩ ሰፊ ነው፤ ከተማው ሩቅ ነው። አንድ ነጋዴ ዱቄቱንም፣ ገመዱንም፣ ጫማውንም፣ መጠጡንም በአንድ ቤት አከማችቶ ይሸጥ ነበር። ያ ቤት «አልማሴን ዴ ራሞስ ሄኔራሌስ» ይባላል፤ የሁሉም ዓይነት ዕቃ አልማሴን። ብዙዎቹ ባለቤቶች ከስፔንና ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ቃሉ ወደ ቦነስ አይረስ ሰፈሮች ገብቶ የጎረቤት ምግብ ሱቅ ሆነ። ባለቤቱ «አልማሴኔሮ» ነው። የእህትዎ ባልደረባ የተናገረችው የአገሯን ጥርት ያለ ስፓኒሽ ነው።

ኮሎምቢያ ቢሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቲየንዳ ማለት ሩዝና ዘይት የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ ናት። አልማሴን ደግሞ ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ነው። ልብ ይበሉ። ሁለቱ አገሮች የተሰጧቸው ሁለት ቃላት አንድ ዓይነት ናቸው። ሥራውን ለሁለቱ ያከፋፈሉት ግን በተቃራኒው ነው። አንዱ ቃል አንዱን ሥራ ሲይዝ፣ ሌላው የቀረውን ይይዛል። የቃልን ትርጉም ለብቻው አውጥቶ ማየት ለምን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ «ቦዴጋ» ራሱ መጋዘን ሆኗል። ኩባና ፔሩ ውስጥ ቦዴጋ የሰፈር ሱቅ ነው። ስፔን ውስጥ የወይን ቤት ነው ብዬዎታለሁ።

ፖርቹጋል ላይ ብዙ አልቆይም። ሱቅ «ሎዣ» ስለሆነ አርማዜም መጋዘን ሆኖ ቆየ። ሲበዛ፣ «አርማዜይንስ» ሲባል፣ ትልቅ መደብርም ይሆናል። በነሐሴ 1988 ሊዝበን ውስጥ የሺያዶን ሰፈር ያወደመው እሳት የተነሣው ከአንዱ እንዲህ ያለ መደብር ነው። ብራዚል ግን ሌላ ነገር ጨመረች። እዚያ «ማጋዚኒ» የሚል ቃል አለ፤ ከፈረንሳይኛው ማጋዛን የተወሰደ፣ መደብር ማለት። ማጋዚኒ ሉይዛ የሚባለው ትልቅ የሱቆች ድርጅት በ1957 በሳኦ ፓውሎ ግዛት፣ ፍራንካ በምትባል ከተማ ነው የተጀመረው። እንግዲህ ብራዚል የዓረብኛውን ቃል ሁለት ጊዜ አገኘችው። አንዴ በአርማዜም፣ ከቅኝ ገዢዎቿ ጋር። አንዴ በማጋዚኒ፣ ከፓሪስ።

ሮማኒያም ሁለት ጊዜ አግኝታዋለች፤ በሌላ አቅጣጫ። «ማጋዚየ» ማለት መጋዘን ነው። ይህ ከግሪክኛ የገባ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት በኦቶማን የሚሾሙ ግሪክኛ ተናጋሪ መሳፍንት ነበሩ። በ1829 የኤድርኔ ውል የዳኑብን ንግድ ከከፈተ በኋላ የብራይላ ወደብ በእህል ማጋዚየዎች ተሞላ። «ማጋዚን» ግን ሱቅ ነው። እሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገባው በዋናነት ከፈረንሳይኛ ነው። የመኳንንቱ ልጆች ፓሪስ እየተማሩ ይመለሱ ነበር፤ ፋሽኑም ቃሉም ከዚያ ይመጣል። ለሱቅ «ፕረቨሊየ» የሚል አሮጌ ቃል ነበር። አሁንም አለ፤ ግን የድሮ ጊዜ ሽታ አለው። እንግዲህ የፈረንሳይኛው ቃል ቡካሬስት ሲደርስ ሱቅ ሆኖ ያበቃ ነበር። መጋዘን የመሆን ዕድል አልነበረውም። ቦታው በግሪኩ ዘመዱ ተይዟል።

ከመጀመሪያው ባለቤት ዘንድ ደግሞ አንድ ትልቅ ትርጉም ቀርቷል። ሞሮኮ ውስጥ «መኽዘን» ማለት መንግሥት ነው። ግብሩ የሚከማችበት ቤት የግብር ሰብሳቢው ስም ሆነ። ከአዲሱ ዘመን በፊት አገሩ በሁለት ይከፈል ነበር፤ ለሱልጣኑ ግብር የሚከፍለው «የመኽዘን አገር» እና የማይገብረው። ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ይህንንም ወስደዋል። የስፔን መዝገበ ቃላት ውስጥ «ማህሴን» ብለው ቢፈልጉ የሞሮኮ መንግሥት የሚል ፍቺ ያገኛሉ። አልማሴን የገባው በመካከለኛው ዘመን ነው። ማህሴን የገባው ስፔን ከሞሮኮ ጋር በአዲሱ ዘመን ስትገናኝ ነው። ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ አይጋጩም፤ ብዙ ስፔናዊም ዝምድናቸውን አያውቅም።

እኛስ? መጋዘን የሚለው ቃላችን በ«ግ» ነው የሚነገረው። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። በቀጥታ ከዓረብኛ ወስደነው ቢሆን «ኸ» ወይም «ከ» እንጠብቅ ነበር። ማስረጃው እዚሁ ቤታችን አለ። «ካዝና» የሚለው ቃል ከዚያው «ኸዘነ» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ በ«ከ» ገብቷል። መጋዘን ግን በአውሮፓ አፍ ዞሮ ነው የመጣው። ትርጉሙም ማከማቻ እንጂ ሱቅ ስላልሆነ ከፈረንሳይኛው ይልቅ የጣሊያንኛውን ይመስላል። መጨረሻ ላይ ያለው «ኖ» መውደቁ አያስጨንቅም። «ፍሬኖ»ም እኛ ጋ ሲደርስ ፍሬን ሆኗል።

እኛም ብንሆን ለቃሉ ቦታ ፈልገንለታል። ለእህል ጎተራ ነበረን። ለመንግሥትና ለመኳንንት ንብረት ግምጃ ቤት ነበረን። ገንዘብ የሚቆለፍበትን ካዝና ወሰደው። የጠመንጃ ጥይት የሚጎርሰውንም ካዝና እንለዋለን፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ግን ለዚያ የሚጠቀሙት የመጋዘንን ዘመድ ነው። ለመጋዘን የቀረለት ትልቁ የንግድና የፋብሪካ ማከማቻ ነው፤ ያንን ያዘ። መርካቶም ያው ነው። በጣሊያንኛ «መርካቶ» ማለት ማንኛውም ገበያ ነው። ገበያ የሚለውን ቃል የሚያስለቅቀው አልተገኘም። ስለዚህ በ1936 እና በ1941 መካከል በነበረው ወረራ ጊዜ የመጣው የጣሊያኖች ቃል የአንድ ቦታ መጠሪያ ስም ሆኖ ቀረ።

«ትክክለኛውን የያዘው ማነው?» ላሉት፣ በቋንቋ ጥናት ይህን የሚዳኝ ሕግ የለም። ወደ መነሻው የቀረበው ትክክል ነው ካልን የእኛ ሱቅ ስሕተት ሊሆን ነው። ማንም ኢትዮጵያዊ ይህን አይቀበልም፤ መቀበልም የለበትም። በየአገሩ የሰሚው ጆሮ ነው ዳኛው። ሊዮን ላይ ማጋዛን ሱቅ ነው፤ ነገ ቶሪኖ ለጉብኝት ቢመለሱ ማጋዚኖ መጋዘን ነው። ግራ የሚያጋባዎት ሲሆን ከቃሉ ጋር አብረው የሚመጡትን ይመልከቱ። ሠራተኛውን የሚጠራው ስም፣ ማከማቸት የሚለው ግሥ፣ «ትልቅ» የሚለው ቅጽል፣ እነዚህ ይመሩዎታል።

አንድ ነገር ሳልነካ አልፌያለሁ፤ እርስዎም ባይጠይቁኝ ሊዮን ላይ በየኪዮስኩ ያዩታል። «ማጋዚን» የሚል፣ ከማጋዛን በመጨረሻው ድምፅ ብቻ የሚለይ ቃል አለ። ትርጉሙ መጽሔት ነው። ይህ ቃል ለንደን ደርሶ የተመለሰ ነው። እንግሊዞች ከፈረንሳይኛ መጋዘን የሚለውን ትርጉም ወስደው ነበር። በ1731 ለንደን ውስጥ አንድ አሳታሚ ልዩ ልዩ ጽሑፍ ሰብስቦ የሚያወጣውን ወርኃዊ ኅትመት ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን አለው፤ የጽሑፍ መጋዘን እንደማለት። ስሙ የኅትመቱ ዓይነት መጠሪያ ሆነ። ፈረንሳይኛ ያንን መልሶ ተበደረ። ጣሊያንኛም እንዲሁ። ስፔን ደግሞ «ማጋሲን» ብላ፣ ከመጽሔት በተጨማሪ ልዩ ልዩ ርዕስ እየቀያየረ ለሚያቀርብ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ትጠቀምበታለች። እነዚህ ሦስቱ ቋንቋዎች መጽሔቱን ከመጋዘኑ ወይም ከሱቁ በድምፅ ለይተውታል። ሮማኒያኛ አልለየም። ቡካሬስት ውስጥ ጫማ የሚገዙበት ቤት ማጋዚን ነው፤ ከ1967 ጀምሮ የሚታተመው የታሪክ መጽሔትም ስሙ ማጋዚን ኢስቶሪክ ነው።